ምን ጭናችሁ ነው?

አባዬ ፎቶ ዝም ብሎ አያይም። መነጽሩን ያደርጋል፣ በሁለት ጣቱ ያጎላዋል፣ ከዚያ ይደውላል። በቴሌግራም የላክሁለት ፎቶ ላይ አንዲት ነጭ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ አለች። ካሶኒዋ ባዶ ነው። የኋላ ጎማዋ ግን ላይኛው ጫፉ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ተደብቋል።

«ምን ጭናችሁ ነው?» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ምንም አልጫንንም አባዬ።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ሆና ነው ከኋላ እንዲህ የተኛችው?»

«ባሌስትራ ቀንሰንላት ነው። ሆን ብለን።»

ዝም አለ። አባዬ ሃያ ስምንት ዓመት አይሱዙ ነድቷል፤ ከአዲስ አበባ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፤ እህል፣ ሲሚንቶ፣ የቢራ ሳጥን። በሱ ዓለም ባሌስትራ የሚጨመር ነገር ነው። መኪናው ገና ከመገዛቱ ባሌስትራ ቤት ይወሰድና፣ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ እንዲሸከም ተጨማሪ ብረት ይደረብለታል። «ቀንሱልኝ» ብሎ ባሌስትራ ቤት የሄደ ሰው በሕይወቱ አልገጠመውም።

«ጤነኛ ናችሁ?» አለኝ በመጨረሻ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። በስልክ ግን አጥጋቢ መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ታሪኩ ረጅም ነው፣ የሚጀምረውም ከኔ ብዙ ቀድሞ ነው። እዚህ ልሞክረው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መኪና ሥር ገብታችሁ ለማታውቁ። ባሌስትራ ማለት ረጅም፣ ዝርግ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ የብረት ሰሌዳዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው በመሀል ቡሎን የታሰሩበት ነው። ከሁሉም የሚረዝመው ዋናው ብረት ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ቀለበት ይሠራሉ፤ በነሱ በኩል ሻንሲው ላይ ይያያዛል። የቀሩት ከሥሩ እያጠሩ ይሄዳሉ። ጭነት ሲመጣ ቀስቱ ይለጠጣል፣ ጭነቱ ሲወርድ ይመለሳል። ቃሉ የጣሊያን ነው። እንደ ካንዴላ፣ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ኩሽኔታ ሁሉ ከጋራዥ ቋንቋችን ጋር የቀረ። ባሌስትራ በጣሊያንኛ መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ስም ነበር፤ ፍላጻ የሚወነጭፈው፣ በእንጨት ሰደፍ ላይ አግድም የተገጠመው ቀስት። የመኪናውን ብረት ያዩ ሰዎች ቅርጹ ያንን አስታወሳቸው መሰለኝ።

ባሌስትራ ከመኪና ይበልጣል በዕድሜ። የሠረገላ ነው። ኦባዳያ ኤሊየት የሚባል የለንደን ሠረገላ ሠሪ በ1804 ሁለት ቀስቶችን ፊት ለፊት ገጥሞ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ባሌስትራ አወጣ፤ ሠረገላው ከሥሩ ያለው ከባድ የእንጨት ምሰሶ ቀርቶለት በቀጥታ በባሌስትራው ላይ ተቀመጠ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲን ሲሠራ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ባሌስትራ ከጎማ ወደ ጎማ አጋድሞ ገጠመላት። በ1925 ደግሞ ያቺኑ ሞዴል ቲ ከኋላ ሳጥን አድርጎላት በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ከፎርድ ፋብሪካ ተሟልታ የወጣች የመጀመሪያዋ ፒክአፕ እሷ ነች። ገበሬው ወተቱን፣ አናጢው ጣውላውን ጫነባት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል። የፒክአፕ የኋላ ባሌስትራ የተለካው ለጭነት ነው። ስለዚህ ባዶዋን ስትሆን ከኋላ ቂጧን አንስታ ትቆማለች። ጠጠር መንገድ ላይ ባዶ ፒክአፕ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የሄደ ሰው ይህንን በወገቡ ያውቀዋል። መኪናዋ ሁልጊዜ የሆነ ሰው መጥቶ አንድ ነገር እስኪጭንባት የምትጠብቅ ትመስላለች። የሥራ መኪና መልክ ይሄ ነው።

ይህንን መልክ መለወጥ የጀመሩት የፍጥነት ሰዎች ናቸው። በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች አሮጌ ፎርድ ይገዙና እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ውድድሩን የሚመራ ማኅበርም በ1937 አቋቋሙ። ለነሱ ዝቅ ማለት ሒሳብ ነው፤ መኪናው ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ነፋስ ይቀንስለታል፣ መሬት ይይዛል። ፓራፋንጎውን ነቅለው ይጥላሉ፣ መኪናው ይቀላል፣ ሲቀል ደግሞ ያ ሁሉ የባሌስትራ ብረት አያስፈልገውም። አንድ ሁለቱን ያወጣሉ። ወይም ዋናውን ብረት አስወጥተው የተጠቀለለውን ቀለበት በተቃራኒው አቅጣጫ ያስጠቀልሉታል። ይሄ ብቻውን መኪናውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፣ ጥንካሬውም አይነካም። ብልሃት ነው። ቀጥቃጭ የሚወደው ዓይነት።

ከዚያው ከተማ፣ ከሎስ አንጀለስ ምሥራቅ፣ ሌሎች ልጆች ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። የሜክሲኮ ስደተኞች ልጆች ናቸው። በሰኔ 1943 መርከበኞችና ወታደሮች በየመንገዱና በየሲኒማ ቤቱ እየገቡ ሰፋፊ ሱፍ የለበሱ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶችን ሲደበድቡ፣ ልብሳቸውን ገፍፈው ሲያባርሩ ቀናት አልፈዋል። የተናደዱበት በሱፉ ነበር። ጦርነት ነው፣ ጨርቅ ተቆጥቦ በሚታደልበት ጊዜ እንዴት ይህን ያህል ጨርቅ ትለብሳላችሁ፣ እንዴትስ እንዲህ ሆናችሁ ትታያላችሁ። ከጦርነቱ በኋላ እነዚያ ልጆችና ታናናሾቻቸው ያገለገለ ሼቭሮሌ መግዛት የሚችሉበት ዘመን መጣ። ሼቭሮሌውን ዝቅ አደረጉት፣ በተለይ ከኋላ። የፍጥነት ልጆች የኋላውን አንስተው አፍንጫውን ሲደፉ፣ እነዚህ ኋላውን አስተኙት። ቀስ ብለውም ነዱት። በሚቻለው ዝግታ፣ ዊቲየር ቡሌቫርድ ላይ፣ መስኮት ከፍተው፣ እሁድ ማታ።

የመጀመሪያው ዘዴ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የአሸዋ ከረጢት። የሲሚንቶም ይሆናል። ፖርቶ መጋላው ውስጥ መጫን፣ በቃ። እስከ 1957 ሞዴል ድረስ የሼቭሮሌ የቤት መኪኖችም ከኋላ ባሌስትራ ነበሩና ክብደቱ ቀስቱን ይለጥጠዋል። አባዬ ያኔ ደርሶ «ምን ጭናችሁ ነው?» ቢላቸው መልስ ነበራቸው፤ አሸዋ።

ይሄ ነገር ብዙ አሳስቆኛል፣ ብዙም አሳስቦኛል። አባቶቻቸው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሰው ብርቱካን፣ ሌላ ሰው ጡብ ሲጭኑ የከረሙ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ እሁድ ማታ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ለመልኩ ሲሉ ብቻ አሸዋ ይጭናሉ።

ቆይተው አሸዋውን ተዉት። ቤንዚን ይበላል፣ ለሴት ልጅ ዕቃ ቦታ አይተርፍም። በምትኩ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ወይም የእንጨት ኩብ ማስገባት ጀመሩ። አክስል ያልኩት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ነው። ኩቡ መኪናውን የሚያወርደው አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ባሌስትራው በላይ፣ አክስሉ በታች ከሆነ ያው ኩብ ከፍ ያደርገዋል፤ አንዳንድ ጀማሪ ይህን ሳያይ ገዝቶ መጥቶ መሳቂያ ሆኗል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ መፍትሔው መገልበጥ ነው። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ። መኪናው በአንድ ጊዜ የአክስሉንና የባሌስትራውን ውፍረት ያህል ይወርዳል። በትልልቅ ፒክአፖች ላይ ይህ ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ አክስሉ ሲዘል ሻንሲውን እንዳይመታ ሻንሲው በግማሽ ክብ ተቆርጦ በሌላ ብረት ይጠናከራል። እሱ የብየዳ ሥራ ነው፤ በጀማሪ አይሞከርም።

ሕግም ተከተላቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 24008 የሚባል አንቀጽ አስገባ። ከጎማው በቀር ማንኛውም የመኪናው አካል፣ ጎማው ከተገጠመበት ቸርኬ የታችኛው ጠርዝ በታች እንዲወርድ የተቀየረ መኪና መንገድ ላይ አይነዳም ይላል። ለቤት መኪና፣ እንዲሁም ከ6,000 ፓውንድ በታች ለሆነ የንግድ መኪና። የንግድ መኪና የምትለውን እንዳታልፏት። በካሊፎርኒያ ፒክአፕ የምትመዘገበው እንደ ንግድ መኪና ነው፤ ባለቤቷ ሸቀጥ ይነግድባት አይነግድባት። በሕጉ ዓይን ፒክአፕ ምንጊዜም ሥራ ላይ ነች።

ለአንቀጹ የተሰጠው ምላሽ እስካሁን ይተረካል። ሮን አጊሬ የሚባል የሳን በርናርዲኖ አካባቢ ልጅ፣ በዝቅተኛነቱ ስለሚቀጣ ተማረረና በ1959 አካባቢ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከጦር አውሮፕላን ትርፍራፊ የተገኘ የዘይት ፓምፕና ሲሊንደር በ1957 ኮርቬቱ ላይ ገጠመ። ኤክስ ሶኒክ ይባላል መኪናው። ፖሊስ ሲያይ ማብሪያውን ይጫናል፣ መኪናው ይነሣል፤ ፖሊሱ ሲያልፍ ይወርዳል። ዛሬ በቪዲዮ የምታዩዋቸው የሚዘሉ መኪኖች ዘራቸው ከዚህ ነው። ሼቭሮሌም በ1958 ለቤት መኪኖቹ ከኋላ ባሌስትራውን ትቶ ጥቅልል ሞላ ስላደረገ ለዘይቱ ሲሊንደር ተመቸ። ባሌስትራ ግን ለዚህ ዓይነት ጨዋታ እምቢተኛ ነው። ስለዚህ ፒክአፑ ለጊዜው ከታሪኩ ውጭ ቆየ።

የመለሰው ዶሮ ነው። አልቀለድኩም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ርካሽ ዶሮ ምዕራብ ጀርመንንና ፈረንሳይን አጥለቀለቀና እነሱ ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 አጸፋውን መለሱ፤ በድንች ስታርች፣ በብራንዲና በትንንሽ የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ። ያነጣጠሩት ቮልስቫገንን ነበር። የሌሎቹ ቀረጥ ኋላ ሲነሣ የጭነት መኪናው እስከዛሬ አለ። ጃፓኖች ግን ቀዳዳ አገኙ። ፒክአፗን ያለ ካሶኒዋ ከላኳት ያላለቀች መኪና ስለምትባል ቀረጧ 4 በመቶ ነው፤ ካሶኒውን አሜሪካ ወደብ ላይ በጥቂት ቡሎን ማሰር። እስከ 1980 እንዲህ ሠሩ። ዳትሰን፣ ቶዮታ፣ ፎርድ ኩሪየር የምትባለዋ ማዝዳ፣ ሼቭሮሌ ላቭ የምትባለዋ ደግሞ… አይሱዙ! የአባዬ አይሱዙ። ሼቭሮሌ ከ1972 ጀምሮ ላቭ ብሎ የሸጣት አይሱዙ የሠራት ነበረች። ይህንን ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም።

በ1973 ነዳጅ ሲወደድ እነዚህ ትንንሽ ፒክአፖች እንደ ዳቦ ተሸጡ። ርካሽ ናቸው፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ሰባራ ሳንቲም የሌለው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እንኳ ሠርቶ ይደርስባቸዋል። ከኋላቸው ደግሞ ያው ባሌስትራ ነው። በ1977 ሳን ሆሴ ውስጥ ተማሪዎች ‹ሎውራይደር› የተባለውን መጽሔት አቋቋሙ። በ1980ዎቹ የተነሣው ትውልድ የአያቶቹን ኢምፓላ መግዛት አልቻለም፤ ያገኘው ፒክአፕ ነበር። እሱን ዝቅ አደረገ።

ጎረቤቴ የዚያ ትውልድ ሰው ናቸው። ኢንግልዉድ ነው የምንኖረው፣ ግቢያችን በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። እሳቸው «ሚሆ» ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት ነው በስፓኒሽ። እኔ በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በአፌ ግን ምን ብዬ እንደምጠራቸው እስካሁን አልቆረጥኩም፤ በእንግሊዝኛ ሰው ማክበር ያስቸግራል። አባታቸው አትክልተኛ ነበሩ። ነጯን ቶዮታ በ1984 አዲሷን ገዝተው ሣር ማጨጃ፣ አካፋ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ እየጫኑ የሰው ግቢ ሲያሳምሩ ኖረዋል። ልጁ ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነው። የራሳቸውን ዳትሰን ዝቅ አድርገው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በ24008 ተቀጡ። ሦስተኛው ጊዜ ፖሊሱ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ በሜትር ለክቶ፣ ቅጣቱን ጽፎ፣ ካሶኒው ውስጥ ያለው የማን ሣር ማጨጃ እንደሆነ ጠየቃቸው። የአባታቸውን ነበር፣ ሊያስጠግኑ ይዘውት እየሄዱ። ደረሰኝ አምጣ ተባሉ። የሣር ማጨጃ ደረሰኝ መኪናው ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ታውቃላችሁ?

ዳትሰኗን ሸጡ። የአባታቸውን ቶዮታ ደግሞ «የእንጀራ መኪና ነች፣ አትነካም» ተብለዋል። አልነኩም። አባትየው ጡረታ ወጥተው፣ ታመው፣ አርፈው፣ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ዓመታት ቆመች።

ከተሞቹም ደግሞ በ1980ዎቹ በተሰጣቸው ሥልጣን አንድ መንገድ ላይ ደጋግሞ መመላለስን ራሱን ከለከሉ። በተወሰነ ሰዓት በአንድ ቦታ ከተባለው ጊዜ በላይ ካለፍክ ጥፋተኛ ነህ። እንግዲህ ዝቅ ያለች መኪና ለመታየት ነው የተሠራችው፤ ሳትመላለስ ምን ትሠራለች? ይህ ሁሉ የቆየው እስከ ቅርብ ጊዜ ነው። በ2022 ሳን ሆሴና ሳክራሜንቶ፣ በ2023 ናሽናል ሲቲ ክልከላቸውን አነሡ። በዚያው በ2023 የምክር ቤት አባሉ ዴቪድ አልቫሬዝ ያቀረቡት ሕግ በገዥው ተፈርሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በመላው ካሊፎርኒያ የከተሞቹን ሥልጣን ሰረዘ፤ 24008ንም አብሮ ከመጽሐፉ አወጣ። ስድሳ ዓመት ከምናምን በኋላ።

በዚያ ኤፕሪል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ሸራውን ገፈፉ። «ሚሆ፣ ክሪክ መያዝ ትችላለህ?» አሉኝ። የአይሱዙ ሾፌር ልጅ ነኝ እኮ።

ሥራው እንዲህ ነበር። የቶዮታዋ አክስል ከባሌስትራው በላይ ስለሆነ መገልበጥ አላስፈለገንም። ሻንሲውን በሁለት ማቆሚያ ደግፈን፣ አክስሉን በክሪክ ይዘን፣ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉትን አራት ቡሎኖች ፈታናቸው። አርባ ዓመት የዛጉ ናቸው፤ ሁለቱ ተቆረጡ። ጋሼ አልተናደዱም፤ እነዚህ ቡሎኖች አንዴ ከተወጠሩ ስለሚለጠጡ ደግሞ አይታሰሩም፣ አዲስ ገዝተው አስቀምጠዋል። ከየጎኑ አንድ ብረት አወጣን። ከዚያ ሁለት ኢንች፣ ማለት አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ አስገባን። ሁለት ኩብ መደራረብ ያምራል የሚል ወጣት አለ። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሰው ጎማ ሥር አስተኝተው ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። ባሌስትራውን በእሳት አሙቆ ማስተኛትም አለ፣ ርካሹ መንገድ። ብረቱ ግን የተሠራበት ጥንካሬ በእሳቱ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ቀስት መሆኑ ቀርቶ ዝም ያለ ብረት ነው።

የምናወጣው ብረት ስንት ይሁን የሚለው ላይ ቆምን። እኔ ሁለት አልኩ፤ ይበልጥ ትወርዳለች። ጋሼ እምቢ አሉ። ለምን እንዳልኳቸው አስታውሳለሁ፤ የሰጡኝ መልስ ሣር ማጨጃው ነበር። አሁንም ጋራዡ ውስጥ አለ። «አንድ ቀን ልጭነው ብፈልግስ?»

አላስቸገርኳቸውም፤ እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ባሌስትራ የሚሸከም ብቻ ሳይሆን የሚይዝም ነገር ነው። የኋላውን አክስል በቦታው የሚያስቀምጠው ሌላ ብረት የለም፤ ያ ዋናው ብረት ከተሰበረ አክስሉ ይንሸራተታል። ይህንን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አባዬ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ባለቤቱ ካስጫነው ከልክ ያለፈ ሲሚንቶ ጋር፣ የግራው ዋና ብረት ተሰበረ። ከሥሩ የተደረቡት አዳዲስ ብረቶች ሁሉ ደኅና ነበሩ። የተጨመረው ሲይዝ ዋናው ነው የሄደው። የኋላው ጎማ ወደ ኋላ ሸሸ፣ መኪናው ወደ ጎን ዞረ። ረዳቱ ታኮ ሊያደርግ ዘሎ ወረደ። እግሩ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አልረገጠም። አባዬ እስከዛሬ ያን ልጅ በበዓል ይጠራዋል፤ ልጅ ነው የሚለው፣ አሁን አርባዎቹ ውስጥ ነው።

ማታ ላይ ቶዮታዋን አውርደን አየናት። ምን ልበላችሁ፣ ታምራለች። ያ ከኋላ የመነሣት፣ የመጠበቅ መልክ ጠፍቷል። ተቀምጣለች። ለሙከራ ቀስ ብለን ወጣን፤ ሦስተኛው መብራት ጋር ጋሼ ፍሬን ሲይዙ የኋላ ጎማዎቹ ጮሁና ቂጧ ወደ ጎን ሸርተት አለ። ሁለታችንም ደረቅን።

ችግሩን ለማግኘት እሁድን ሙሉ ፈጀብን። በብዙ የቶዮታ ፒክአፖች ላይ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ለኋላው ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቀቅለታል። ባዶ ሲሆን ይቀነሳል። ብልህ ነገር ነች። እኛ ሻንሲውን ወደ አክስሉ ስናቀርበው ዘንጓ ምን ገባት? ተጭናለች። መኪናዋ ሞልታለች፣ ስለዚህ በደንብ ይያዝ። ባዶዋን መኪና አርባ ዓመት እንደተማረችው እንደ ሙሉ ቆጥራ ፍሬን ሰጠቻት።

ጋሼ ከመኪናው ሥር ተኝተው ይህንን ሲያስረዱኝ ሳቅ አፈነኝ። ለምን እንደምስቅ ለማስረዳት የአባዬን ጥያቄ ተረጎምኩላቸው። ከሥር ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልመጣም። ከዚያ «አባቴም ይሄንኑ ነበር የሚጠይቀኝ» አሉ። ዘንጓን በአዲሱ ከፍታ ልክ አስተካከልናት፣ አጭር አሞርዛተር ገጠምን፣ ባዶ መንገድ ላይ ደጋግመን ሞከርናት። አሁን ደኅና ነች። እሁድ እሁድ ወደ ክሬንሾ ይዘዋት ይወጣሉ፣ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር።

ለአባዬ ይህን ሁሉ በሦስት ስልክ ነገርኩት። የዶሮውን ወዶታል፤ ሻይ ቤት ወስዶ አውርቶታል መሰለኝ፣ አንድ ጓደኛው በቀጥታ ደውሎ እውነት ነው ወይ አለኝ። የፖሊሱንና የደረሰኙን ሲሰማ ምንም አላለም። ትራፊክ ሲያስቆመው ስንት ጊዜ እንደ ሌባ ቁልቁል እንደታየ ለኔ አይነግረኝም፤ አውቃለሁ ግን፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባሌስትራ መቀነሱን አሁንም አልተቀበለውም። መኪናዋ ያምራል ወይ ስለው «የተጫነች ትመስላለች» ነው የሚለው፤ በሱ አፍ ይሄ ስድብ ይሁን ምስጋና መለየት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ ጥያቄ አመጣ።

«ያወጣችሁትን ብረት ምን አደረጋችሁት?»

«አንዱን ጋሼ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አንዱን ለኔ ሰጡኝ።»

«እንዳትጥለው! የጃፓን ብረት ነው። ምናለሽ ተራ ወስጄ መጥረቢያ አሠራበታለሁ። ሰው ሲመጣ ላክልኝ።»

«አባዬ፣ ከሰማንያ ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል እኮ። በምን ሻንጣ?»

«ሰያፍ አድርገህ ክተተው።»

በር ጀርባ ቆሟል። ለሐምሌ የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው፤ ሦስት ኪሎ አይሞላም።